የ15 ኪሎ ከረጢትና የ4 ኪሎ ውሻ፦ በድሬዳዋ ያጋጠመ የአመጋገብ ጉዳይ ጥናት

ወደ እንስሳት ሕክምና ክፍላችን ከሚመጡት የውሻ አመጋገብ ችግሮች አብዛኞቹ ከቸልተኝነት የሚመነጩ ናቸው። ይህኛው ግን የተለየ ነው። አሳዳጊዎቹ ተቆርቋሪዎች ናቸው፣ ምግቡ ጥሩ ምግብ ነው፣ የወጣውም ገንዘብ ቀላል አልነበረም፤ ውሻዋ ግን ታመመች። ለመመዝገብ የመረጥሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። የቤተሰቡን ስም በፈቃዳቸው ትቼዋለሁ። የውሻዋን ስም፣ ቡቺን፣ አልቀየርሁትም፤ በየሰፈሩ አንድ ቡቺ ስለማይጠፋ ማንንም አያጋልጥም።

ዳራ

ቡቺ የአምስት ዓመት ሴት ናት። ነጭና ጸጉራም ስትሆን ሰው በጅምላ «የፈረንጅ ውሻ» ከሚላቸው ትናንሽ ዝርያዎች የተዳቀለች ናት። ለአካሏ የሚስማማው ክብደት 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የምትኖረው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሰፊ በረንዳ ባለው አሮጌ ቤት ነው። አሳዳጊዋ ጡረታ የወጡ እናት ሲሆኑ አብረዋቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ የልጅ ልጃቸውና አንዲት የቤት ሠራተኛ ይኖራሉ። ቡቺን ገና ቡችላ ሳለች ያመጣቻት አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው ናት።

ውሻዋ እስከ አራት ዓመቷ የበላችው ቤቱ የበላውን ነው፦ እንጀራ በወጥ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ሥጋ ሲኖር ሥጋ፣ ዶሮ ሲታረድ አጥንት። ቤቱ ጾም ስለሚጠብቅ የቡቺ አመጋገብም በቀን መቁጠሪያው ይመራ ነበር። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ትበላለች። በፋሲካ ዕለት ደግሞ የዶሮ ወጥ መረቅ፣ ቅቤና ስብ በአንድ ጊዜ ይቀርብላታል። የትንሽ ውሻ ቆሽት እንዲህ ያለውን ድንገተኛ የስብ ጭነት አይችልም። በየበዓሉ ማግስት የሚያስታውኩ ውሾች ሲመጡልን ምን ተበልቶ እንደዋለ ሳንጠይቅ እንገምታለን። ቡቺም ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ በሁለት ቀን ታገግማለች፣ ነገሩም ይረሳል።

ለውጡ የመጣው ልጅቱ ለዕረፍት መጥታ የውሻዋን የአፍ ሽታና በመንጋጋ ጥርሶቿ ላይ የደረቀውን ቡናማ ክምችት ባየች ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ተመልሳ ለአዋቂ ውሾች የተዘጋጀ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደረቅ ምግብ ገዛች። ቀዳሚው ግብዓት ዶሮ፣ ቀጣዩ ሩዝ ነው። ፕሮቲኑ 26 በመቶ፣ ስቡ 15 በመቶ መሆኑ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። የአሜሪካ የመኖ ቁጥጥር ኃላፊዎች ማኅበር ለአዋቂ ውሻ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን እርጥበቱ ተቀንሶ ሲሰላ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ ስለሆነ፣ የተገዛው ምግብ በወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም። ልጅቱ 15 ኪሎ የሚይዘውን ከረጢት የመረጠችው በኪሎ ሲታሰብ ከትንሹ ስለሚረክስ ነው። ከረጢቱም ከፋሲካ በኋላ በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ተጭኖ፣ አዋሽን በቀትር ተሻግሮ ድሬዳዋ ገባ።

ችግሩ

ምግቡ በአንድ ቀን ስለተቀየረባት ቡቺ ሁለት ሦስት ቀን አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሳምንታት ቤተሰቡ በደስታ ነው የሚያስታውሳቸው። ዓይነ ምድሯ ጠበቅ አለ፣ ጸጉሯ አበራ፣ ቤቱም ከፍርፋሪ አረፈ።

ሰኔ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሳህኗን እያሸተተች መተው ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ፈሳሽ ታስታውካለች። ጸጉሯ ደረቀ፣ ጎኗን ማከክ አበዛች። እንድትበላ ሲባል ደረቁ ምግብ ላይ የወጥ መረቅ ይፈስስላት ጀመር፤ መረቁን ልሳ ፍሬውን ትተወዋለች። ሐምሌ መጀመሪያ ወደ እኛ ስትመጣ ዋናው ቅሬታ «ዝም ብላ ትተኛለች» የሚል ነበር።

ምክንያቱን በተመለከተ በቤቱ ሦስት አስተያየት ነበር። እናትየው «ዶክተር፣ ልጄ፣ ይህቺ በእንጀራ ያደገች ናት፤ የጣሳ ጠጠር አብሏት ብትለኝ እንዴት እሺ ትላለች?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ምግቡ አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ነው ባይ ነው። ሠራተኛዋ በር ላይ ቆማ ነበርና ምን እንደምታስብ ጠየቅኋት። «ሽታው ተቀይሯል፤ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም» አለች። ምግቡን በየቀኑ በእጇ የምትሰፍረው እሷ ናት፤ ከእኔ በፊት ግን የጠየቃት አልነበረም።

ምርመራው

ቡቺ ሚዛን ላይ 4.7 ኪሎ ሆነች። የጎድን አጥንቶቿ በቀላሉ አይዳሰሱም። ለሳምንታት ምግብ እምቢ ያለች ውሻ ወፍራ መገኘቷ በራሱ የሚያጠያይቅ ነው። ድዷ ገርጥቷል። በደም ምርመራ የቀይ ደም ሕዋሳቷ ድርሻ 29 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ለውሻ ጤናማ የሚባለው ከ37 እስከ 55 በመቶ ነው። መዥገር አልተገኘባትም፣ በዓይነ ምድሯም የአንጀት ጥገኛ ትል እንቁላል አልታየም። የታችኛው ፊት ጥርሶቿ ተጨናንቀው የበቀሉ ናቸው፤ በትንሽ መንጋጋ ውስጥ ያው 42 ጥርስ ስለሚታጨቅ ይህ በትናንሽ ዝርያዎች የተለመደ ነው።

ዋናው ግኝት ግን የተገኘው እቤታቸው ነው። ምግቡ ከከረጢቱ ወጥቶ ክዳኑ በማይገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ተገልብጧል። ባልዲው የተቀመጠው በግቢው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ማድቤት ውስጥ፣ ከከሰል ምድጃው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬዳዋ ቀን ጥላ ሥር እንኳ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ሥር ደግሞ ማንም ሳይለካው ያውቀዋል። ከባልዲው ገና ግማሽ ያህሉ አለ። ፍሬዎቹ ላይ ላዩን የላብ ዓይነት ቅባት አውጥተዋል፣ የባልዲው ግድግዳም ሲዳሰስ ያጣብቃል። አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ ሰባብሬ ሳሸው የወጣው ሽታ ደጋግሞ የተጠበሰበት አሮጌ ዘይት ሽታ ነው። የመጀመሪያው ከረጢት ተጥሏል፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም አብሮ ሄዷል። ደግነቱ የልጅ ልጅየው ምግቡ እንደመጣ በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር። በፎቶው ላይ ቀኑ ገና አላለፈም፤ የምግቡ ስብ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ግን ከቫይታሚን ኢ ቤተሰብ የሆኑት ቶኮፌሮሎችና የሮዝመሪ ጭማቂ እንደሆኑ ይነበባል።

ይህ የመጨረሻው መስመር የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ደረቅ ምግብ ሻጋታ የማያበቅለው እርጥበቱ ከ10 በመቶ ገደማ ስለማይበልጥ ነው። ስቡ ግን ከአየር ጋር በተገናኘ ቁጥር ኦክሲጅን እየወሰደ ይበላሻል፤ ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። ቢኤችኤና ቢኤችቲ የሚባሉት ሰው ሠራሽ ማቆያዎች ይህን ለረጅም ጊዜ ይከላከላሉ። ተፈጥሯዊዎቹ ማቆያዎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሥራቸውን የሚሠሩት ራሳቸው እያለቁ ስለሆነ ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ያላቸው አቅም ውስን ነው። በከረጢት ላይ የሚታተመው ቀን ደግሞ ላልተከፈተ ከረጢት የተሰጠ ነው። ከተከፈተ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ፣ ከ27 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀትም እንዲቀመጥ ይመከራል። የእነ ቡቺ ባልዲ ሁለቱንም ገደቦች ጥሶ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስብ ሲበላሽ ሽታው ብቻ አይደለም የሚቀየረው፤ ቫይታሚን ኢ ያልቃል፣ ለቆዳና ለጸጉር የሚያስፈልገው ሊኖሌይክ አሲድም ይጎዳል። የጸጉሩ መድረቅና የጠዋቱ ትውከት ከዚህ ጋር ይሄዳሉ። ውሻዋ ምግቡን እምቢ ያለችው አማርጣ ሳይሆን አፍንጫዋ ከእኛ ስለሚበልጥ ነው።

የደም ማነሱ ሌላ ምንጭ አለው፦ የወጥ መረቅ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈነዱ ንጥረ ነገሮች አሉት። መቀቀሉም ሆነ መቁላላቱ አያጠፋቸውም። በውሻ ላይ የደም ለውጥ የሚያስከትለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት እንደሆነ ይታወቃል፤ ለ4 ኪሎ ውሻ ከ60 ግራም ይጀምራል ማለት ነው፣ ይህም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት አይሞላም። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲሰጥም ይጠራቀማል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት የሚጀምር ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ጠባቂ ያን መረቅ ልሶ ምንም ሳይሆን ይውላል፤ ቡቺ ግን አትችለውም።

የውፍረቱ ምንጭ የተገኘው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። በረንዳው ላይ ጎረቤት ተሰባስቦ በርጫ ይቀመጣል፤ ለውዝ፣ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ አይጠፋም። ቡቺ ከእግር እግር እየዞረች ከሁሉም ትቀበላለች። 10 ግራም ለውዝ ከ55 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለው፤ ለእሷ የቀን ድርሻዋ አንድ አምስተኛ ነው። አንድ ደህና እፍኝ ከግማሽ ያልፋል። ለውዙ ላይ ሌላም ስጋት አለኝ። በክምችት ወቅት በሚበቅል ሻጋታ ሳቢያ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል፤ ውሻ ደግሞ ለዚህ መርዝ ጉበቱ በቀላሉ ከሚጎዳ እንስሳ አንዱ ነው። የባቢሌን ለውዝ እኔም እወደዋለሁ፤ ለውሻ ግን አልሰጥም።

ሒሳቡ

ለቤተሰቡ ጉዳዩን ያስረዳው ከሕክምናው ይልቅ ሒሳቡ ስለነበር በዝርዝር አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ውሻ ተኝቶ ቢውል እንኳ ለመተንፈስ፣ ለልብ ምትና ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ክብደቱ በኪሎ ተወስዶ ወደ 0.75ኛ ኃይል (ፓወር) ከፍ ተደርጎ በ70 ሲባዛ ይገኛል። ለ4 ኪሎ ውሻ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ቤት ውስጥ ለምትውል፣ በምሽት በረንዳ ለበረንዳ ለምትሮጥ ውሻ ይህን በ1.4 አባዛነው፤ 280 ኪሎ ካሎሪ ሆነ። ምግቡ በ100 ግራም ወደ 370 ኪሎ ካሎሪ ስላለው የቀን ድርሻዋ 75 ግራም ነው። 15 ኪሎውን ለ75 ግራም ስናካፍለው 200 ቀን ይወጣል። ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው።

ያው ከረጢት 30 ኪሎ ለሚመዝን ጠባቂ ውሻ ቢሰጥ በቀን 340 ግራም ያህል እየተበላ በስድስት ሳምንት ገደማ ያልቃል። ከረጢቱ የተሰፋው ለእሱ ነው። እናትየው ወረቀቱን አይተው «ታዲያ ለጎረቤት ውሻ ገዝታ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚህ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በባልዲው የቀረው ምግብ በሙሉ ተጣለ። ለጎረቤት ጠባቂ ውሻ እንስጠው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ የከረፋ ስብ ለትልቁም አይሆንም። የወጥ መረቅ በዚያው ቀን ቆመ።

አዲስ ምግብ እስኪመጣ ድረስ ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ተቀቅሎ ከሩዝ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ተሰጣት። ይህ ሆድ ለማረጋጋት ይበጃል፤ ካልሲየም ስለሌለው ግን የዘወትር ምግብ ሊሆን አይችልም። ይህን በተለይ አሳስቤአለሁ፤ ውሻዋ በደስታ ስለበላችው እናትየው እንዲሁ መቀጠል ፈልገው ነበርና።

ልጅቱ በዚያው ሳምንት 2 ኪሎ የሚይዝ ከረጢት ላከች። በምርጫው ላይ በስልክ ተነጋገርን። ሻጩ «እህል የሌለበት ይሻላል» ብሏት ነበር። በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አተርና ምስር በብዛት ከገቡባቸው እህል አልባ ምግቦች ጋር በተያያዘ የውሾች ልብ መስፋትን መመርመር ጀምሯል። ግንኙነቱ በማያጠራጥር ሁኔታ አልተረጋገጠም፤ ቡቺ ግን ለሩዝ አለርጂ እንዳላት የሚያሳይ ምልክት ስለሌለ ሩዝ ያለበትን ይዘን ቀጠልን። «ለትናንሽ ዝርያዎች» የሚለው ጽሑፍ ያለበት ይሁን ወይስ የሌለበት ለሚለው ጥያቄዋ መልሴ «ፍሬው ትንሽ ከሆነ ሁለቱም ይሆናል» የሚል ነበር። ለአዋቂ ውሻ የወጣው የንጥረ ነገር መለኪያ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ነው። በትንሹ ከረጢት ውስጥ የሚገኘው ልዩነት በአብዛኛው የፍሬው መጠንና ከፍ ያለ ጉልበት ነው፤ ለትንሽ አፍ የፍሬው መጠን ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሽግግሩ ከሳምንት በላይ ወሰደ። መጀመሪያ ሩብ አዲስ ምግብና ሦስት ሩብ ዶሮ በሩዝ፣ ከዚያ እኩል በእኩል፣ ከዚያ ሦስት ሩብ አዲስ ምግብ።

ክብደቷ እስኪቀንስ በቀን 65 ግራም ተወሰነላት። እቤት ሚዛን ስላልነበረ የልጅ ልጅየው ምግቡን ይዞ ወደ ሰፈር ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ 65 ግራሙን በሚዛኑ መዝኖ ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ገለበጠው፤ ልጁም የደረሰበት ቦታ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ቀይ መስመር አሰመረ። ያ ኩባያ ከሠራተኛዋ እጅ እንዳይወጣ ተስማማን። ጠዋት ከድርሻው ግማሹ፣ ማታ ግማሹ ይሰጣል፤ ሌላ ማንም አይሰጥም። መብላት እምቢ ካለች ሳህኑ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይነሣል እንጂ መረቅ አይጨመርበትም።

አቀማመጡ የሚከተለውን ይመስላል። ምግቡ ከራሱ ከረጢት አይወጣም፤ የከረጢቱ የውስጥ ሽፋን ስብና አየር እንዳያሳልፍ ተብሎ የተሠራ ነውና። አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ አፉ ተጠቅልሎ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፣ ከነከረጢቱ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ቆርቆሮው የተቀመጠው በመኝታ ቤቱ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል፣ መሬት ላይ ነው። የአሮጌ ቤት ወፍራም ግድግዳ ለዚህ ያገለግላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ ወይ ተብዬ ነበር። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ፣ ከረጢቱም ሲወጣና ሲገባ እርጥበት ስለሚይዝ አልመከርሁትም።

ውኃ ሌላው ነጥብ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ ራሱ ውኃ አለው፤ ደረቅ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻዋ ድሮ ከሳህኗ ታገኝ የነበረውን ውኃ አሁን መጠጣት አለባት። የቡቺ የውኃ ሳህን አንድ ነበር፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ ነው። ሁለት የሸክላ ሳህን በሁለት ጥላ ቦታ ተቀመጠ፣ ጠዋትና ማታ ይቀየራል። እናትየው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው የከተማችን ውኃ የፊኛ ጠጠር እንዳያመጣባት ሰግተው ነበር። ትናንሽ ዝርያዎች ለጠጠር ተጋላጭ መሆናቸው እውነት ነው፤ ዋናው መከላከያ ግን ብዙ ጠጥታ ሽንቷ እንዲቀጥን ማድረግ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ትውከቱ አዲሱ ምግብ ሙሉ በሙሉ ከመተካቱ በፊት ቆመ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የቀይ ደም ሕዋሷ ድርሻ 38 በመቶ ደረሰ። ጸጉሯ ለመመለስ ቆየ፤ ልዩነቱ በዓይን የታየው መስከረም ላይ ነው። ጥቅምት ላይ 4.2 ኪሎ መዘነች። ከሁሉም በላይ የሠራው በእኔ ግምት ቀይ መስመር ያለው ኩባያ ነው፤ በአንድ እጅ መወሰኑ ደግሞ ከመስመሩ እኩል ዋጋ አለው።

በርጫው ላይ ያስቀመጥነው ክልከላ አልሠራም። እንግዳን «ለውሻዬ አትስጡ» ማለት በእኛ አገር ልማድ ይከብዳል። እናትየው ሁለት ቀን ሞክረው ተዉት። መፍትሔውን ያገኘችው ሠራተኛዋ ናት፤ ከቀኑ ድርሻ ጥቂት ፍሬ ቀንሳ በትንሽ ሳህን ለእንግዶቹ ታቀርባለች፣ መስጠት የሚፈልግ ከዚያ ይሰጣል። ቡቺም ቅር አላላትም።

የልጅ ልጅየው በራሱ ተነሣሽነት የአገር ውስጥ «ተፈጥሯዊ ደረቅ ምግብ» ለመሥራት ሞክሯል። ማሽላ፣ ጉበትና የተፈጨ ለውዝ አቡክቶ፣ ቆራርጦ ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። የግቢው ድመቶች ከግማሽ በላይ ወሰዱት። ሙከራውን አላጣጣልሁትም፤ የውጭ ምንዛሪ በተወደደበት ጊዜ አስፈላጊ ሐሳብ ነው። ግን ጉበት ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እዚህ ግባ የማይባል ነው። በውሻ ምግብ ውስጥ ካልሲየም ቢያንስ ከፎስፈረስ እኩል መሆን ሲኖርበት፣ ይህ ውህድ በጣም ያዘነበለ ነው። ጉበት በየቀኑ ሲሰጥ ቫይታሚን ኤ ይበዛል፤ የለውዙን ነገር ከላይ ብያለሁ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ነገር ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊቀርም ይችላል።

እንቁጣጣሽ ላይ አንድ መመለስ ነበር። ከዶሮ ወጡ አንድ ሰው ቆዳና አጥንት ወረወረላት፤ በማግስቱ አስታወከች። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስለት ስለሚሾል የሰጋነው ለአንጀቷ ነበር፤ አልተወጋም፣ በሁለት ቀን ተሻላት።

ጥርሶቿ አልተሻላቸውም። ምግቡ የተገዛው ለጥርስ ተብሎ ነው፤ ተራ ደረቅ ምግብ ግን ጥርስ አያጸዳም። ጥርስ ጫፉ እንደነካው ፍሬው ይፈረከሳል፣ ችግሩ የሚጀምርበትን የድድ ጠርዝ ሳይነካ ይዋጣል። በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ለመቦረሽ ተሞከረ፤ ልጁን ነከሰችው። አሁን ጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ በሳምንት ሁለቴ ይታሻል፤ ለሰው የተሠራ የጥርስ ሳሙና አይነካትም። የደረቀው ክምችት በማደንዘዣ ካልተነሣ በጨርቅ አይወጣም። ደሟ እስኪስተካከል አቆይተነው ነበር፤ ቀጠሮው ለኅዳር ተይዟል።

ለሌሎች ቤቶች

ከረጢት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የውሻው ክብደት ነው፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከላይ ባለው ስሌት 2 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 45 ግራም፣ 3 ኪሎ የሚመዝን 60 ግራም፣ 6 ኪሎ የሚመዝን 100 ግራም ያህል ይበላል። የ2 ኪሎ ከረጢት በቅደም ተከተል ለስድስት ሳምንት፣ ለአንድ ወርና ለሃያ ቀን ይበቃል። በእነ ቡቺ ቤት ከረከሰው ከረጢት ግማሹ ተጥሎ፣ የምርመራና የሕክምና ወጪ ተጨምሮበት ሲታሰብ ትንሹ ከረጢት ነው የረከሰው።

ትልቁን መግዛት የግድ ከሆነ ውሻ ያላቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ከረጢቱ በተከፈተበት ቀን ይካፈሉት። እያንዳንዱ ድርሻውን አየር በማያስገባ፣ በታጠበና በደረቀ ዕቃ ይያዝ፤ አዲስ ምግብም አሮጌው ላይ አይገልበጥ፣ የዕቃው ግድግዳ ላይ የቀረው የከረፈ ቅባት አዲሱን ይበክለዋልና።

ከረጢቱ ሲመጣ የማብቂያ ቀኑና የምርት መለያ ቁጥሩ ፎቶ ይነሣ፣ የተከፈተበት ቀንም በላዩ ላይ ይጻፍ። ውሻ ለወራት ሲበላ የኖረውን ምግብ ድንገት ሲተው፣ ሌላ ነገር ከመጨመር በፊት ምግቡ ይሸተት።

ወደ ቆላ ከተሞች ምግብ የሚልክ ሰው ሱቁ ውስጥ ከረጢቱ የት እንደቆመ ይይ። በመስታወት ፊት ለፊት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከረጢት ቀኑ ቢቀረውም አይታመንም። ልጅቱ አሁን ትንሹን ከረጢት የምትልከው በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው፤ በአውቶቡስ ከሆነም ከዕቃ መጫኛው ይልቅ ከተሳፋሪው እግር ሥር ይቀመጣል።